ሊቀ ጋንች ኤልሮይ ታድሎክ

ተሳቢ ቤት እየጎተተ የሚዞር ሕዝብ ባለበት ምድር ሁሉ፣ በየካምፑ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ የሌለው ካምፕ አይቻለሁ። ጥላ የሌለው፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር የማይዘጋ፣ ባለቤቱ በቁሙ የሚያንቀላፋ ካምፕ አይቻለሁ። ጎንበስ ብሎ የሰው ጋንች የሚመረምር ሽማግሌ የሌለበት ካምፕ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አለ ካላችሁኝ ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

ጋንች የምለው መኪናውን ከተሳቢው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ነው። አንዱ ጫፉ ከመኪናው ኋላ ይሰካል፣ በሌላው ጫፉ ላይ የብረት ኳስ አለ፣ ተሳቢው አፉን ከፍቶ ኳሱን ይጎርሳል፣ በቃ። ለእኔና ለእናንተ ብረት ነው። ለእኚህ ሰው ግን የጠባይ መለኪያ፣ የትዳር መስታወት፣ የአገር ተስፋ ነው።

የእኛ ካምፕ ሊቅ ክቡር ሚስተር ኤልሮይ ታድሎክ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው። ሲያጎነብሱ የጉልበታቸው ድምፅ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። "ሊቀ ጋንች" የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ነግሬያቸው አላውቅም፣ ብነግራቸውም ዘገየሽ የሚሉኝ ይመስለኛል።

እኔና ባለቤቴ ሮይስ ግሪር የኔብራስካ ሰዎች ነን። እሱ በጡረታ ላይ ያለ የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ይህን ዓምድ እየጻፍኩ ጎረቤት አስቀይማለሁ። የብርዱን ወራት ለማምለጥ ባለፈው ኅዳር ሠላሳ ሦስት ጫማ ርዝመት ያለውን ተሳቢያችንን እየጎተትን አሪዞና በረሃ ውስጥ ወዳለው ድራይ ፎርክ ካምፕ ወረድን። በዚህ ተሳቢ የመጀመሪያ ጉዟችን ነበር።

ክቡርነታቸው ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአንድ እጃቸው ኩባያ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዘው ለጉብኝት ይወጣሉ። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ባትሪው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አዲስ ገቢ ብቻ ነው። ከየት መጣችሁ ብሎ ነገር የለም፣ ስማችሁ ማን ነው ብሎ ነገር የለም። ከመኪናው ሥር ያበራሉ፣ ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው በዚያ በሚታወቁበት ቃል ይጀምራሉ፦ "እኔን አያገባኝም፣ ግን…"

ከዚያ "ግን" በኋላ ወንበር ብታመጡ ይሻላል። እኔ አንድ ቀን ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ደርቆልኝ፣ አጣጥፌ ስመለስ ያው "ግን" አላለቀም ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ፓስተር ለእሑድ ስብከት ትንሽ ተሳቢውን ጎትቶ መጣ። በካምፑ አዳራሽ ስለ መተማመን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰበከን። ሲጨርስና ጥያቄ ያለው ካለ ሲል ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። ሁላችንም ስለ ነፍሳቸው የሚጠይቁ መስሎን ዞር አልን። "ፓስተር፣ እኔን አያገባኝም፣ ግን ሰንሰለትዎ አልተጠላለፈም።" ከጋንቹ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ሰንሰለቶች ከሥር መስቀለኛ ሆነው መታሰር አለባቸው፤ ኳሱ ቢያመልጥ የተሳቢው አፍንጫ አስፋልቱን ከመቆፈር ይልቅ በእነሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ምዕመኑ በሙሉ ሊያይ ወጣ። ፓስተሩ ከራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በጀርባው ተኝቶ ሲያስተካክል፣ ሊቀ ጋንች ከላይ ሆነው ባትሪውን ያበሩለት ነበር።

ከኦሃዮ የመጡ ሁለት አዲስ ተጋቢዎችም ነበሩ። "ኳሱ ስንት ነው?" ተብለው ተጠየቁና "ኳስ ኳስ ነው" ብለው መለሱ። ይህ በእሳቸው ፊት የሚባል ነገር አይደለም። ክቡርነታቸው የተሳቢውን ክሪክ እያሽከረከሩ አፍንጫውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። ቁልፉ በደንብ ተቆልፎ ሳለ የተሳቢው አፍ ከኳሱ ላይ ብድግ ብሎ ወጣ። ኳሱ ከአፉ ሩብ ኢንች ያህል ያንስ ነበርና ከኦሃዮ እስከ አሪዞና ድረስ ያደረሳቸው ዕድል ብቻ ነው። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባልየው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን ኳስ ገዝቶ መጣ፤ ሊቀ ጋንችም ሁለት ጊዜ አስፈቱት፣ ሁለት ጊዜ አሳሰሩት፣ ሦስተኛውን ለጤናቸው ብለው አሳሰሩት።

ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ገና ተሳቢውን አቁመን ሳንጨርስ መጡ። ባትሪያቸውን አበሩ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ። "እኔን አያገባኝም፣ ግን በዚህ ተራ ኳስ ነው ይህን ሁሉ ቤት የጎተትከው፣ ልጄ?"

ሮይስ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። "ልጄ" ተብሎ ከተጠራ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፣ ከዚያም ከፒክአፑ ኋላ ብረት ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት እየጠቆመ አሥራ ሁለት ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ይላል፣ የእኛው ስምንት ሺህ አንድ መቶ ነው፣ በገዛ ጎተራዬ ሚዛን ነው ያስመዘንኩት አለ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አነበቡት። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። በተራ ኳስ ከሆነ አምስት ሺህ ይላል የላይኛው። አሥራ ሁለት ሺህ የሚለው የታችኛው መስመር ክብደት አከፋፋይ ጋንች ላለው ብቻ ነው። ሮይስ ያነበበው የሚጥመውን መስመር ነበር።

ክብደት አከፋፋይ የሚባለው ግራና ቀኝ የሚወጠሩ ሁለት የብረት ዘንጎች ያሉት ነው። ተራው ኳስ የተሳቢውን ክብደት ሁሉ ፒክአፑ ጭራ ላይ ይቆልለዋል፤ ጭራው ይወርዳል፣ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪው ይፈዛል። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይገፉታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በግዴ ነው።

ሮይስ ጭራው እንደሚወርድ አጥቶት አይደለም። መፍትሔ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። ገና ከኔብራስካ ሳንነሳ ጄኔሬተሩንና የዕቃ መፍቻ ሣጥኖቹን ከፊት አንስቶ ተሳቢው ጭራ ላይ ጫናቸው። አፍንጫው ቀለለ፣ ፒክአፑ ቀና አለ፣ ባለቤቴም ኮራ። በዚያ ላይ በረሃው ሌላ አመል አስያዘው። እዚህ ብርዱን የሚያሳልፍ ወንድ ሁሉ እንደሚያደርገው ድንጋይ መልቀም ጀመረ። በየቀኑ ፒክአፑን አስነስቶ ይሄዳል፣ ቀይ ድንጋይ፣ አረንጓዴ ድንጋይ፣ ዛፍ የነበረ ድንጋይ በባልዲ ይዞ ይመጣል። ማታ ማታ በውሃ እያራሰ ያሳየኛል። ውብ ነው እለዋለሁ። ከዚያ ወስዶ ጭራው ላይ ካለው ሣጥን ይጨምረዋል።

እያንዳንዱ ባልዲ ሲገለበጥ እኔ ፓውንዱን እቆጥር ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእናንተ ግን እነግራለሁ። ወደዚህ ስንመጣ ከካምፑ ሠላሳ ማይል ርቆ ያለውን ዳገት እየወጣን ሳለ፣ ከገደሉ አፍ ነፋስ መጥቶ ጎናችንን መታው። ተሳቢው ጭራውን እንደ ውሻ መቁላት ጀመረ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እየባሰበት ሄዶ ፒክአፑን ከነእኛ ወደ ሌላው መስመር ጎተተው። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ሮይስ መሪውን ጨብጦ ያፏጭ ነበር፣ ዘፈን አስመስሎ። ያ ሁሉ ሽቅብ ስንወጣ ነው። በመጋቢት ወደ ቤታችን ስንመለስ ያንኑ መንገድ ሰባት ማይል ቁልቁል መውረድ አለብን፣ ከሦስት መቶ ፓውንድ ድንጋይ ጋር። ባሌን አላሳፍርም ብዬ አራት ወር ዝም አልኩ።

ክቡርነታቸው ግን ዝም አላሉም። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ከየቤቱ ሠርቶ የሚያመጣውን አዳራሽ ውስጥ አብረን እንበላለን። አንድ ሐሙስ ሮይስ ባቄላውን በሳህኑ እየሞላ ሳለ ሊቀ ጋንች ከኋላው ተሰልፈው፣ ለመላው ሕዝብ በሚሰማ ድምፅ፣ በዚያ ጋንች ቁልቁለቱን ይቅርና የቆሻሻ መድፊያውንም አታልፍ አሉት። ሰው ሳቀ። ሮይስ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ሳህኑን አስቀመጠ፣ ወጣ። ቤት ሲደርስ ጋንቹን ከፒክአፑ ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ደበቀው። የጠቀለለበት ጋዜጣ የእኔው ዓምድ ያለበት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሪስ የጠጣ ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመርኩ፣ ሁለቱ ሰዎችም መነጋገር ተዉ።

ክቡርነታቸው ግን ጉብኝታቸውን አላቋረጡም። በየጠዋቱ መጥተው ጋንቹ በነበረበት ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ባትሪ ያበሩ ነበር።

ከካምፑ ልንነሳ አሥር ቀን ሲቀረን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኒታን አገኘኋቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ቀጭንና ዝምተኛ ናቸው፤ ከሊቀ ጋንች ጋር ለኖረ ሰው ዝም ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለ። ስለ ሐሙሱ ነገር ባለቤቴ ተቀይሟል አልኳቸው። ካልሲ እያጣመሩ ቆዩና፣ ኤልሮይ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መምህር ወይ ዳኛ ይመስሉኛል አልኩ።

"ክሬን ነበር የሚነዳው። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ። አውራ ጎዳና ላይ የተገለበጠ ተሳቢ የሚነሳው በሱ ነው። ብረቱን ከጫነ በኋላ መንገዱን መጥረግም የሱ ሥራ ነው። የሰው ጓዳ ነው የሚጠርገው፣ ማንኪያ፣ ትራስ፣ የልጅ ቁምጣ። ቤት ሲገባ አይናገርም። እጁን ይታጠብና የገዛ መኪናችንን ጋንች ሄዶ ያያል። ከዚያ ነው እራት የሚበላው።"

ካልሲዎቹን ጨርሰው ወጡ። እኔ ማሽኑ ቆሞ ልብሱ ሳይወጣ ብዙ ተቀመጥኩ። ስንት ወር ሙሉ በዚህ ዓምድ ላይ ልስቅባቸው ያጠራቀምኩት ማስታወሻ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አፈርኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሮይስ ለድንጋዩ እንደወጣ፣ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ሚስተር ታድሎክ፣ ፈርቻለሁ" አልኳቸው። "ቁልቁለቱን ፈርቻለሁ። እባክዎ መጥተው ይዩልን።"

ሰው ጠርቷቸው አያውቅም መሰለኝ። ገብተው ጣውላ፣ ሁለት ቁራጭ ቱቦና አንድ ሮዝ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይዘው ወጡ። ሚዛኑ የወይዘሮ ኒታ ነው፤ ሴትየዋ የገዛ ክብደታቸውን ካወቁ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆናቸው በኋላ ነገሩኝ። ክቡርነታቸው ጣውላውን በአንድ በኩል መሬት ላይ ባለ ጡብ፣ በሌላ በኩል ሚዛኑ ላይ አሳረፉት፣ አፍንጫው የሚያርፍበትን ቦታ በኢንች ለክተው በጠመኔ አሰመሩ። ሚዛኑ የሚያሳየውን በሦስት ማባዛት ብቻ ነው አሉኝ። ከዚያ ክሪኩን ቀስ እያሉ አወረዱት። ያ ሠላሳ ሦስት ጫማ ቤት አፍንጫውን በሮዝ ሚዛን ላይ አሳርፎ ሲታይ፣ ምርመራ የመጣ ዝሆን ይመስል ነበር።

ሮይስ የመጣው ያኔ ነው። ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሚዛኑን አየ።

"ስንት ይላል?" አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ እያየ። ለእሳቸው አይናገርም።

"መቶ አርባ" አሉ ክቡርነታቸው፣ እሳቸውም ወደ እኔ እያዩ። "አራት መቶ ሃያ ነው በይው።"

ሮይስ ባልዲውን መሬት ጥሎ ፈገግ አለ። ተራው ኳስ እስከ አምስት መቶ ፓውንድ አፍንጫ ይችላል፣ የእኔው አራት መቶ ሃያ ነው፣ እንግዲህ ምን ቀረ አለ። ክቡርነታቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ስምንት ሺህ ፓውንድ ያለፈ ቤት አፍንጫው ሺህ ገደማ መሆን አለበት ብለው ለእኔ አስረዱ፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብለው። አፍንጫው ከቀለለ የሚነዳው ጭራው ነው፣ ባልሽ መሪውን መያዙ ለወጉ ነው አሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከቤቴ…" ብሎ ሮይስ ጀመረ። አላስጨረስኩትም።

"ሮይስ፣ ኅዳር ላይ ወደ ሌላው መስመር ስንገባ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። ስታፏጭ ሰምቼሃለሁ። ስትፈራ ነው የምታፏጨው፣ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ድንጋዩን ስታጠራቅም ዝም አልኩህ፣ እንዳትከፋ ብዬ። አሁን ግን እነግርሃለሁ፦ በዚህ ሁኔታ ቁልቁለቱን አልወርድም። በአውቶቡስ እሄዳለሁ። አንተ ስትደርስ ትደርሳለህ፣ ካልደረስክ ግን እኔ ምን እሆናለሁ?"

ክቡርነታቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ዞር ብለው የሌላ ሰው ጎማ ያዩ ጀመር። ባለቤቴ ወደ ጭራው ሄዶ የድንጋዩን ሣጥን ከፈተና አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ሲመሽ ከቤታችን ፊት ለፊት ሌላ ትንሽ ተራራ ቆሞ ነበር።

አዲሱን ጋንች የመረጡት በማግሥቱ ነው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመው "ንገሪው" እና "ጠይቂው" እያሉኝ ከዕቃ ሻጩ ደብተር ላይ ሲመርጡ ዋሉ። ጄኔሬተሩና የዕቃ መፍቻዎቹ ወደ ፊት ተመልሰው፣ ድንጋዩ ወጥቶ፣ ሚዛኑ ሦስት መቶ ሃያ ላይ እያቃሰተ ቆሞ ነበር፤ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ማለት ነው። ክቡርነታቸው አፍንጫሽ አሁን ገና የአፍንጫ ወግ አገኘ አሉኝ። ሮይስ እንግዲህ ከገዛሁ አይቀር ትልቁን ነው አለ፣ የአሥራ አራት መቶውን ዘንግ።

"አይሆንም በይው" አሉ ሊቀ ጋንች። "ለሚሸከመው ነው የሚገዛው እንጂ ለኩራቱ አይደለም። ዘጠኝ መቶ ስልሳ ላይ የአሥራ አራት መቶ ዘንግ ከጫነ እንደ በቅሎ ይንጠዋል፣ ጥርሱን መንገድ ላይ ይለቅማል። የሺህ ፓውንዱን ይውሰድ። መወዛወዝ የሚይዝ ፍሬን አብሮት ያለውን።"

"የሺህ ፓውንዱ ያንስ እንደሆነስ ብለሽ ጠይቂው" አለ ሮይስ።

"ድንጋይ ካልጨመረ አያንስም በይው።"

ሮይስ የሺህ ፓውንዱን ገዛ። ሲገጥሙትም እንዲሁ ነበር። ክቡርነታቸው ከመታሰሩ በፊት ከመሬት እስከ ፒክአፑ የፊት ፓራፋንጎ ያለውን ከፍታ አስለኩኝ፤ ከታሰረ በኋላ ዘንጎቹን እያጠበቁ ደጋግመው አስለኩኝ፣ የፊቱ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ድረስ። አንድ ሩብ ኢንች ቀርቶ ነበርና ሁሉንም አስፈቱት። ሮይስ ፈታ። አላፏጨም።

ሰኞ ማለዳ ተነሳን። ካምፑ በሙሉ እንደ ልማዱ ሊሸኝ ወጣ፣ ወይዘሮ ኒታ ለመንገድ ኬክ ሰጡኝ። ክቡርነታቸው ብቻ አልነበሩም። የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ገና ሳይነጋ ወጥቷል፣ ጎማ ላሳይ ብሎኛል አሉኝ ባለቤታቸው። ሆዴ ባባ። ያን ያህል ለፍተው፣ ያን ያህል ተሰድበው፣ ዛሬ ጎማ ያሳያሉ? ሮይስም ከበሩ ስንወጣ ወደ ቤታቸው ሲያይ አይቼዋለሁ።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ሮይስ ማርሹን አወረደ። እኔ በሩ ላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። አንድ ማይል ሄድን፣ ሁለት ማይል ሄድን። ገደሉ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ላይ የመንገዱ ዳር ሣር መሬት ላይ ተኝቶ አየሁት፣ ነፋሱ እዚያ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎናችንን መታን፣ ፒክአፑ በጎኑ ገፋ ሲል ተሰማኝ። ጭራው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቤታችን አንዴ ዘንበል ብሎ ተመለሰና ከኋላችን ቀጥ ብሎ ተከተለን። ዓይኔን ስገልጥ ሮይስ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ሳያፏጭ ይነዳ ነበር።

ከታች ሜዳው ሲጀምር በእኔ በኩል ባለው ስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። ከኋላችን፣ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ፍሬቻውን የሚያብለጨልጭ አሮጌ ቡናማ ፒክአፕ አለ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገኝም። ስልኬ ጠራ፣ ሮይስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ከላይ ጫፍ ላይ ሆኜ ነው የጠበቅኋችሁ" አሉ ክቡርነታቸው። "ሰባቱንም ማይል ጭራውን እያየሁ ነበር። እንዲህ ቀጥ ብሎ የወረደ አይቼ አላውቅም። ለኒታ ደውዬ ነገርኳት።" ከዚያ ወደ አመላቸው ተመለሱ። "የቀኝ የኋላ መብራታችሁ ደክሟል። ፍሬን ሲያዝ አይታይም።"

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ማይል ነድተው መጥተው፣ በጨለማ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ተሰድበው የወጡበትን ቤት ጭራ ሊጠብቁ። ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ። ማንም ይስማኝ፣ ጋዜጣው ላይም ይውጣ፣ እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ ያጠራቀምኩትን ማስታወሻ አውጥቼ ከላይ ያለውን ሁሉ ጻፍኩ፣ ስድቡንም ጭምር፣ ምክንያቱም እንዲያ ካልተሰደቡ እሳቸው አይደሉም።

ሮይስ መንገዱ ዳር ካለ ሰፊ ቦታ ሲደርስ ፍሬቻ አበራ። ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደው።

"ኤልሮይ" አለ። ስማቸውን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። "እዚህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ካቻቢቴዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ ያንተን ይዘህ ና።"

አንድ አምፖል ለመቀየር አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጎንበስ ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ እኔ ሳላስተረጉም ይጨቃጨቁ ነበር። ለመንገድ ብዬ የሠራሁትን ሁለት ሳንድዊች አውጥቼ ለሦስት አካፈልኩት።